ሰዓቱን ሳያውቅ የነቃ ስልክ

ማናውስ ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ቆርቆሮው ነው የሚናገር፣
ሰው ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ፣ ድምፅ ከድምፅ አይሻገር።
በዚያ ሰዓት ጁራንዲር መጣ፣ ከወንዙ ዳር ከመንገዱ፣
የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ፣ ሳንቲም መስሎ በክንዱ።
ስልኩን አወጣ ከላስቲክ፣ በጎማ ክር የታሰረ፣
መስታወቱ ሦስት ቦታ፣ ድር መስሎ የተሰበረ።
«ኢራሲልዳ፣ ታሟል» አለኝ፣ «ሲነሣ ስሙን ይጠራል፣
ስሙን ጠርቶ ይወድቅና፣ ደግሞ ስሙን ይጠራል፤
ሌላውን ሁሉ የረሳ፣ ሽማግሌ ይመስላል።»

አውቀዋለሁ ይህን ዘር፣ ዐሥራ አንድ ዓመት በፋብሪካ
ነጭ ጓንት እጄን አልብሼ፣ ብሎን ሳጠብቅ ስለካ።
በሰዓት ሁለት መቶ ስልክ፣ በፊቴ አልፏል እንደ ጎርፍ፣
እኔ ግን ለእናቴ ስደውል፣ ካንቲኑ በር ላይ ነው በሰልፍ።

ፋብሪካው ተዘጋ። ጓንቱን ወሰዱ።
እጄን ተዉልኝ።

«ልቡ ደህና ነው» አልኩት፣ «ባትሪው ገና ትንፋሽ አለው፣
የታመመው ሐሳቡ ነው፣ አጥቤ ነው የማድነው።
ሶፍትዌሩን ስቀይረው፣ የነበረው ሁሉ ይሄዳል።
ምን ነበረህ በሆዱ ውስጥ? ፎቶ? ድምፅ? የልጆች መልክ?»
«የዱቤ መዝገብ» አለኝ። «ደብተሬን ጎርፍ ቢበላው፣
ልጄ ናት ያስለመደችኝ በስልክ።
ዋልዴሲር ባለጀልባው አለ፣ የስድስት ወር ዓሣ፤
መምህርቷ አለች፣ አማቼ አለ፣ እሱንስ ተዪው ይረሳ፤
አንዲት ደግሞ አለች፣ ስሟን ሳላውቅ በጃንጥላዋ የመዘገብኳት፣
ልጇ ታሞ ነበር፣ እኔው ነኝ ውሰጂ ያልኳት።»

ማያው ጠየቀ፦ ሁሉም ይጥፋ? አዎ፣ ወይስ አይጥፋ?
ጣቱን አነሣ። ቢላ የበላው፣ ጥፍሩ ግማሽ ነው፤
ብርጭቆው አላወቀውም፣ የዓሣ ቅባት ስላለው።
ሁለቴ ነካው፣ ሦስቴ ነካው፣ በሸሚዙ ጠረገና፣
«አንቺ ንኪው» አለኝ፣ «የኔ ጣት አዎ ማለት አልቻለም ገና።»
የሰው ዕዳ በኔ ጣት አይሰረዝም፣ አልኩት።
እጁን ያዝኩና አብረን ተጫንነው።

ከዚያ መጠበቅ። መስመሯ ቀስ ብላ፣ እንደ ጉንዳን ትሳባለች፣
ሠላሳ ሁለት ከመቶ ላይ፣ ምን እንዳየች ትቆማለች።
«ገመዱን እንዳትነካው! እግርህንም ከዚያ አርቅ!
መብራት አሁን ከሄደ፣ ጡብ ሆኖ ነው የሚቀር፣ ዕወቅ!»
ሚስቱ ምጥ ላይ እንዳለች ባል፣ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ።

ተነሣ። በስምንት ቋንቋ ሰላም አለን፣ ማንነታችንን ሳያውቅ።
ቀኑን አየነው፦ ጃንዋሪ አንድ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ።
እነዚህ ዕቃዎች ዘመን ሲጠፋባቸው፣ ወደዚያ ነው የሚመለሱ፤
ከዚያ በፊት ዓለም የለም፣ ለነሱ።

ጁራንዲር ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ዋጠ፣
«ስምንት ዓመቴ ነው» አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
«ወንዙ ሞልቷል። ወንድሜ ኤዚዲዮ በገንዳ ይቀዝፋል፣ ጀልባ የለን፣
ማንም የኛ ዕዳ የለበት፣ እኛም የማንም ዕዳ የለን።
ቆይ፣ እንዳታርሚው አሁን።»

አላረምኩትም።
እኔ ያልተወለድኩበት ዓመት ውስጥ፣
ሁለታችን ዝም ብለን ተቀመጥን፤
ቆርቆሮው ብቻ ያወራል።

ሲሙ ግን ነበረ። ከኮረብታው አንቴናው ጠራው፣
አንድ ሰረዝ፣ ሁለት ሰረዝ፣
ቁጥሩ ሃምሳ ምናምን ዓመት ዘለለ፣ ዓይናችን ሳይረግብ።
«ፈጥኖ አረጀ» አለ ጁራንዲር።

ሂሳቡን ነገርኩት። ኪሱን ዳበሰ፣ ግራውን፣ ቀኙን፣ የደረቱን፤
በዝናብ ቀን ማን ዓሣ ይገዛል?
«ጻፊብኝ» አለ።
«በየቱ?» አልኩት።
ስልኩን መልሶ ሰጠኝ፣ ገጹ ነጭ፣ አንድ ስም ያልነካው።
ጻፍኩበት፦
ከጁራንዲር፣ ለኢራሲልዳ፣
አንድ ታምባኪ።
«ትልቁን በዪ» አለኝ፣ በትከሻዬ አሻግሮ እያየ።